ጠጣር ፖሊመር ኤሌክትሮላይት፦ የሊቲየም ባትሪን ከእሳት የማራቅ ጥረትና የእንጦጦ ዳገት

ከሽሮ ሜዳ ተነሥቶ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚወጣው መንገድ ለማንኛውም ተሽከርካሪ ከባድ ፈተና ነው። ዳገቱ ፋታ አይሰጥም፤ አየሩ ስስ ነው፤ ንጋቱም ብርዳም ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም ዘውድ የጫኑባት ይህች ደጋ ቀድሞ በእግርና በበቅሎ የምትወጣ ነበረች። ዛሬ መኪናው ይመላለስባታል። ከመኪኖቹ መካከልም ነዳጅ የማይቀዱ፣ በባትሪ ኃይል የሚሄዱት ቁጥራቸው እየበረከተ መጥቷል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ ደግሞ የባትሪ ጉዳይ የሁሉም ከተሜ ጉዳይ ሆኗል።

ጉዳዩ የከተማ ብቻ አይደለም። በገጠር አርሶ አደሩ ኪስ ውስጥ ያለው የእጅ ስልክ፣ ማታ ልጆች የሚያጠኑበት የሶላር መብራት፣ አዳዲሶቹ የኤሌክትሪክ ባጃጆችና ሞተር ሳይክሎች በአብዛኛው የሚሠሩት በሊቲየም ባትሪ ነው። ይህ ባትሪ ቀላልና ጉልበታም ነው። ሲበላሽ ግን በድንገት ይቀጣጠላል፤ እሳቱንም ማጥፋት አዳጋች ነው።

የዓለም ተመራማሪዎች ከግማሽ ምዕተ ዓመት ለሚበልጥ ጊዜ አንድ ጥያቄ ሲያጠኑ ቆይተዋል። በባትሪው ውስጥ ያለውን ተቀጣጣይ ፈሳሽ አውጥቶ በጠጣር ነገር መተካት ይቻላልን? ከመልሶቹ አንዱ ጠጣር ፖሊመር ኤሌክትሮላይት ይባላል። ይህ ጽሑፍ የዚህን ቁስ ምንነት፣ ያለበትን እንቅፋትና እንቅፋቱን ለማለፍ የሚደረገውን ጥረት ያብራራል።

በባትሪው ውስጥ ምን አለ?

የሊቲየም ባትሪ ሦስት ዋና ዋና ክፍሎች አሉት። አሉታዊው ጫፍ ብዙውን ጊዜ ግራፋይት ከሚባል የካርቦን ዓይነት የተሠራ ነው። አዎንታዊው ጫፍ ሊቲየም ከሌሎች ማዕድናት ጋር የተዋሐደበት ቁስ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ሦስተኛው ክፍል ኤሌክትሮላይት ይባላል።

ባትሪው ሲሞላ፣ አዮን የሚባሉ የኤሌክትሪክ ሙል የተሸከሙ ረቂቅ የሊቲየም ቅንጣቶች ከአዎንታዊው ጫፍ ወደ አሉታዊው ይሻገራሉ። ባትሪው ኃይል ሲሰጥ ደግሞ በመጡበት ይመለሳሉ። ኤሌክትሮላይቱ የእነዚህ አዮኖች መሻገሪያ ነው። ሥራውም ሁለት ነው። አዮኖችን ያሳልፋል፤ ኤሌክትሮኖችን ግን ያግዳል። የታገዱት ኤሌክትሮኖች በውጭ ባለው ሽቦ ዞረው ሲሄዱ አምፖሉ ይበራል፣ ሞተሩም ይሽከረከራል።

ይህ ዓይነቱ ባትሪ እ.ኤ.አ. በ1991 በጃፓኑ ሶኒ ኩባንያ አማካይነት ለገበያ ቀረበ። ለመሠረቱ ያበቁት ጆን ጉድኢናፍ፣ ስታንሊ ዊቲንግሃምና አኪራ ዮሺኖም እ.ኤ.አ. በ2019 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማትን ተጋርተዋል።

በዛሬዎቹ ባትሪዎች ውስጥ ኤሌክትሮላይቱ በአብዛኛው ፈሳሽ ነው። የሊቲየም ጨው ካርቦኔት በሚባሉ የኬሚካል ፈሳሾች ውስጥ ሟምቶ ይዘጋጃል። ፈሳሹ አዮኖችን በፍጥነት ያሳልፋል፤ ጠንቁ ግን በቀላሉ መቀጣጠሉ ነው።

እሳቱ ከየት ይነሣል?

ሁለቱን የባትሪ ጫፎች የሚለያቸው በፈሳሹ የራሰ ስስ የፕላስቲክ ሽፋን ነው። ባትሪው ሲወድቅና ሲጨፈለቅ፣ ከመጠን በላይ ሲሞላ፣ በፋብሪካ የተሠራ ስሕተት ሲኖርበት ወይም ከውጭ ኃይለኛ ሙቀት ሲያገኘው ይህ ሽፋን ይቀደዳል ወይም ይቀልጣል። ያኔ ሁለቱ ጫፎች በቀጥታ ይነካካሉ። ሙቀት ይፈጠራል። ሙቀቱ ሌላ የኬሚካል ለውጥ ያስነሣል፤ ያም ለውጥ ተጨማሪ ሙቀት ይወልዳል። በአንድ ክፍል የተጀመረው ግለት ወደ ጎረቤቱ ክፍል ይሻገርና ባትሪው በሙሉ ይነዳል። አንዳንዶቹ የአዎንታዊ ጫፍ ቁሶች ሲግሉ ከውስጣቸው ኦክስጅን ስለሚለቁ እሳቱን በማፈን ብቻ ማጥፋት አይቻልም።

ሌላም ስውር መንስኤ አለ። ባትሪ በጣም በፍጥነት ወይም በኃይለኛ ብርድ ሲሞላ ሊቲየሙ በአሉታዊው ጫፍ ላይ እንደ እሾህ እየበቀለ ያድጋል። እሾሁ ስሱን ሽፋን በስቶ ተቃራኒውን ጫፍ ከነካ ውጤቱ ያው ነው።

ትንሽ ባትሪ ምን ያህል ጉዳት ልታደርስ እንደምትችል ኢትዮጵያውያን በቅርብ ያዩት አጋጣሚ አለ። ሐምሌ 5 ቀን 2005 ዓ.ም «ንግሥተ ሳባ» የተሰኘው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 787 አውሮፕላን በለንደን ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ ቆሞ ሳለ በኋላ አካሉ ጣሪያ ሥር እሳት ተነሣ። በውስጡ ሰው ስላልነበረ በሰው ላይ ጉዳት አልደረሰም። የእንግሊዝ የአደጋ መርማሪዎች ምክንያቱን ፈልገው ያገኙት አውሮፕላን አደጋ ሲደርስበት ያለበትን ቦታ በሚጠቁም አነስተኛ መሣሪያ ውስጥ ነው። የመሣሪያው ሽቦዎች በባትሪው ክዳን ሥር ተጨፍልቀው ነበር። በዚህ የተነሣ የሊቲየም ባትሪው ተነካክቶ ከቁጥጥር ውጭ ጋለ፤ እሳቱም ወደ አውሮፕላኑ አካል ተዛመተ። ባትሪው ዳግም የማይሞላ ዓይነት ቢሆንም የእሳቱ አካሄድ በሚሞሉት ላይ ከሚታየው ጋር አንድ ነው። አውሮፕላኑ ተጠግኖ ወደ ሥራው ተመልሷል።

ፖሊመር ምንድን ነው? እንዴትስ ያሳልፋል?

ፖሊመር ማለት ትናንሽ የኬሚካል ክፍሎች እንደ መቁጠሪያ ዶቃ ተቀጣጥለው የሚሠሩት ረጅም ሰንሰለት ነው። የውኃ ጀሪካን፣ የማዳበሪያ ጆንያና የፕላስቲክ ከረጢት ሁሉም የፖሊመር ውጤቶች ናቸው። እነዚህ ግን አዮን አያሳልፉም።

እ.ኤ.አ. በ1973 በእንግሊዝ አገር ፒተር ራይትና ባልደረቦቹ ፖሊኤቲሊን ኦክሳይድ የተባለ ፖሊመር ከጨው ጋር ሲዋሐድ የተለየ ጠባይ እንዳለው አሳተሙ። ይህ ፖሊመር በመድኃኒትና በቅባት ውስጥ የሚገባው ፖሊኤቲሊን ግላይኮል የቅርብ ዘመድ ነው። ፈረንሳዊው ሚሼል አርማንድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1978 ቁሱን ለሊቲየም ባትሪ ኤሌክትሮላይትነት መጠቀም እንደሚቻል ሐሳብ አቀረበ። ዛሬም ድረስ በመስኩ በስፋት የሚጠናው ይኸው ፖሊመር ነው።

አሠራሩን በደቦ ሥራ መመሰል ይቻላል። ቤት ለመሥራት የተሰበሰቡ ሰዎች ተሰልፈው ድንጋይ ከእጅ ወደ እጅ ይቀባበላሉ እንበል። ድንጋዩ የሊቲየም አዮን ነው፤ እጆቹ ደግሞ በፖሊመሩ ሰንሰለት ላይ ያሉት የኦክስጅን አቶሞች ናቸው። ሰንሰለቱ ሲወዛወዝ አዮኑ ከአንዱ ኦክስጅን ወደ ሌላው ይተላለፋል። ፈሳሽ ሳይኖር፣ የሚያፈስና በቀላሉ የሚተን ነገር ሳይኖር ኃይል ይሻገራል።

ጥቅሙ ሦስት ነው። ጠጣሩ ፖሊመር እንደ ፈሳሹ በቀላሉ አይቀጣጠልም። ስስ ሆኖ ስለሚዘረጋ ለብቻው የተሠራ መለያ ሽፋን አያስፈልገውም። ከግራፋይት ይልቅ ራሱን የሊቲየም ብረት በአሉታዊ ጫፍነት ለመጠቀም በር ስለሚከፍትም ባትሪው በተመሳሳይ ክብደት የበለጠ ኃይል ሊይዝ ይችላል።

ዋናው እንቅፋት፦ ብርድ

የደቦው ምሳሌ እንቅፋቱንም ያሳያል። የተሰላፊዎቹ እጅ በብርድ ከደነዘዘ ድንጋዩ ባለበት ይቆማል። ፖሊኤቲሊን ኦክሳይድ ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲሆን ሰንሰለቶቹ ተደራርበው ይረጋሉ፤ ከብርድ ሌሊት በኋላ እንደ ሰም ይደርቃሉ። በተለመደው የክፍል ሙቀት አዮን የማሳለፍ አቅሙ ከፈሳሹ ከሺህ እጥፍ በላይ ያነሰ ነው። ወደ 80 ዲግሪ ሲሞቅ ግን ሰንሰለቶቹ ለስልሰው ይወዛወዛሉ፤ አቅሙም ወደ ፈሳሹ አንድ አሥረኛ ገደማ ከፍ ይላል።

በእንጦጦ ላይ በበጋ ወራት ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ዳገት መውጣት ደግሞ ከባትሪው በአንድ ጊዜ ብዙ ኃይል ይጠይቃል። ስለዚህ በብርዳማ ንጋት ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚወጣ ተሽከርካሪ ለፖሊመር ባትሪ እጅግ አስቸጋሪው ፈተና ነው። አዮኖቹ በጣም በሚፈለጉበት ሰዓት መንገዱ የሚዘጋው ያኔ ነው። ይህ እንደ ደብረ ብርሃንና ደባርቅ ላሉ ሌሎች የደጋ ከተሞችም የሚሠራ ነው።

ነገሩን የሚያወሳስበው ሁለት ተቃራኒ ፍላጎቶች መኖራቸው ነው። አዮን እንዲያልፍ ፖሊመሩ ለስላሳ መሆን አለበት። የሊቲየሙን እሾህ ለመግታት ግን ጠንካራ መሆን ይኖርበታል። እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ ሞንሮና ኒውማን የተባሉ ተመራማሪዎች ባቀረቡት ስሌት መሠረት እሾሁን ለመግታት የጠጣሩ ግትርነት ከሊቲየም ብረት ግትርነት ሁለት እጥፍ ያህል መሆን ይኖርበታል። ለስላሳው ፖሊመር ከዚህ ልክ እጅግ ይርቃል። የመስኩ ተመራማሪዎች ሥራ በአጭሩ እነዚህን ሁለት ተቃራኒዎች ማስታረቅ ነው።

የማሻሻያ መንገዶች

ባለፉት ዓመታት ብዙ መፍትሔዎች ተሞክረዋል። ዋና ዋናዎቹ የሚከተሉት ናቸው።

የመጀመሪያው ደቃቅ የሴራሚክ ዱቄት መቀላቀል ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 በጣሊያን ብሩኖ ስክሮሳቲና ባልደረቦቹ እጅግ የደቀቀ የቲታኒየምና የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ዱቄት በፖሊመሩ ውስጥ ሲበተን በዝቅተኛ ሙቀት አዮን የማሳለፍ አቅሙ እንደሚጨምር አሳዩ። ጭቃ ከጭድ ጋር ሲቦካ ግድግዳው እንደሚጠነክር ሁሉ ዱቄቱ ፖሊመሩን ያጠነክረዋል። በዚያው ላይ ሰንሰለቶቹ ተደራርበው እንዳይረጉ ያደርጋል። ዛሬ ደግሞ ራሳቸው ሊቲየም የሚያሳልፉ የሴራሚክ ዓይነቶች እየተቀላቀሉ ይሞከራሉ።

ሁለተኛው ሁለት ዓይነት ፖሊመር በአንድ ሰንሰለት ላይ መቀጠል ነው። አንደኛው ክፍል ጠንካራ ሆኖ ቅርጹን ይይዛል፤ ሌላው ለስላሳ ሆኖ አዮን ያሳልፋል። ሁለቱ በረቂቅ ደረጃ ተነባብረው ስለሚቀመጡ ጥንካሬና ልስላሴ በአንድ ቁስ ውስጥ ይገኛሉ።

ሦስተኛው የጨውን ምርጫ የሚመለከት ነው። ጨው ሲሟሟ ሊቲየሙ ብቻ ሳይሆን ተቃራኒው አዮንም ይንቀሳቀሳል። በፖሊኤቲሊን ኦክሳይድ ውስጥ ከሚያልፈው ኤሌክትሪክ ሊቲየሙ የሚሸከመው ከአምስት አንድ ገደማ ብቻ ነው። ተቃራኒው አዮን በአንድ ወገን እየተከማቸ መንገዱን ያውካል፤ የእሾሁንም እድገት ያፋጥናል። ስለዚህ ተመራማሪዎች ተቃራኒውን አዮን ከሰንሰለቱ ጋር አስረው ሊቲየሙ ብቻ እንዲንቀሳቀስ ያደርጋሉ።

አራተኛው ሰንሰለቶቹን እርስ በርስ ማስተሳሰር ነው። እንደ መረብ የተያያዘ ፖሊመር ሲሞቅ አይፈስም፤ በቀላሉም አይረጋም። አንዳንድ ተመራማሪዎች ቀጭን ፈሳሽ በባትሪው ውስጥ አፍስሰው እዚያው እንዲጠጥር ያደርጋሉ። በዚህ ዘዴ ኤሌክትሮላይቱ ከጫፎቹ ጋር ክፍተት ሳይተው ይጣበቃል።

አምስተኛው ተስማሚውን አዎንታዊ ጫፍ መምረጥ ነው። ፖሊኤቲሊን ኦክሳይድ ከ4 ቮልት ገደማ በላይ ሲደርስ ይፈራርሳል። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ የሚጣመረው ዝቅ ባለ ቮልቴጅ ከሚሠራው የሊቲየም፣ የብረትና የፎስፌት ውህድ ጋር ነው። ይህ ውህድ ሲግል ኦክስጅን በቀላሉ ስለማይለቅ ለደኅንነትም ይመረጣል።

ከፓሪስ የተገኘ ትምህርት

ጠጣር ፖሊመር ባትሪ ከቤተ ሙከራ ወጥቶ በጎዳና ላይ ተፈትኗል። የፈረንሳዩ ቦሎሬ ኩባንያ በ2004 ዓ.ም በፓሪስ ከተማ ለኪራይ ያሠማራቸው ትናንሽ የኤሌክትሪክ መኪኖች በሊቲየም ብረትና በፖሊመር የተሠራ ባትሪ ነበራቸው። መኪኖቹ እስከ 2010 ዓ.ም አገልግለዋል። ባትሪው ግን እንዲሠራ ከ60 እስከ 80 ዲግሪ መሞቅ ነበረበት። መኪናው ቆሞም ቢሆን ሙቀቱን ለመጠበቅ ኤሌክትሪክ ይፈጅ ነበር።

በዚሁ ዓይነት ባትሪ የሚሄዱ የከተማ አውቶቡሶችም ተሠሩ። በ2014 ዓ.ም መጋቢትና ሚያዝያ ወራት ከእነዚህ አውቶቡሶች ሁለቱ በፓሪስ ተቃጠሉ፤ ሰው ግን አልተጎዳም። የከተማዋ የትራንስፖርት ድርጅትም የዚያው ዓይነት የሆኑ 149 አውቶቡሶችን ለጊዜው ከሥራ አስወጣ።

ትምህርቱ ግልጽ ነው። ፈሳሹን ማስወገድ አንዱን የእሳት ምንጭ ይቀንሳል እንጂ አደጋን ፈጽሞ አያጠፋም። የሊቲየም ብረት ራሱ ኃይለኛ ነገር ነው፤ ከውኃ ጋር ሲገናኝም ይቆጣል። ፖሊመሩም ቢሆን በከፍተኛ ሙቀት ይቃጠላል። ስለዚህ «ጠጣር» የሚለው ቃል «የማይቃጠል» ማለት እንዳልሆነ ማወቅ ያሻል።

ሌላም ማስገንዘቢያ አለ። በብዙ የእጅ ስልክ ባትሪዎች ላይ «ሊቲየም ፖሊመር» የሚል ጽሑፍ ይነበባል። ይህ ጽሑፍ በአብዛኛው የሚያመለክተው በስስ የአሉሚኒየም ከረጢት የታሸገ፣ በውስጡ ፈሳሽ ወይም ፈሳሽ ያዘለ ዝልግልግ ኤሌክትሮላይት ያለበትን ባትሪ ነው። እዚህ ከተገለጸው ጠጣር ፖሊመር ጋር አንድ አይደለም፤ የእሳት ጥንቃቄም እኩል ያስፈልገዋል።

የኢትዮጵያ ድርሻ

ኢትዮጵያ በዚህ ጉዳይ ከዳር ተመልካች ብቻ አይደለችም። በደቡብ የአገሪቱ ክፍል በጉጂ ምድር የሚገኘው የቀንጢቻ ማዕድን ቀድሞ በታንታለም ይታወቅ ነበር፤ በውስጡም ሊቲየም አለ። የተማረ የሰው ኃይልም አለ። ከአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ተነሥተው ወደ ታይዋን ብሔራዊ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ለሦስተኛ ዲግሪ የሄዱ በርካታ ኢትዮጵያውያን በሊቲየም ባትሪ ላይ ምርምር አድርገው በዓለም አቀፍ መጽሔቶች አሳትመዋል። ከእነርሱም ተመልሰው በአገር ውስጥ ዩኒቨርሲቲዎች የሚያስተምሩ አሉ።

ለኢትዮጵያ የሚስማማ ባትሪ ምን መምሰል እንዳለበት ለመወሰንም የአገሩን ጠባይ ማወቅ ይጠይቃል። አንዲት አገር በእንጦጦ ብርድና በአፋር ቆላ ሐሩር መካከል ተዘርግታ ሳለች በአንዱ የሚሠራ በሌላው ላይሠራ ይችላል። ለቆላው የሚቀልለው ፖሊመር ለደጋው ማሞቂያ ሊፈልግ ይችላል። የእንጦጦን ዳገት በንጋት የሚወጣ፣ የቆላውንም ቀትር የሚችል ባትሪ ግን ለሁለቱም ይሆናል።

እስከዚያው ምን ይደረግ?

ጠጣር ባትሪ በየቤቱ እስኪገባ ድረስ በእጃችን ያለው ባለ ፈሳሹ ነው። ስለዚህ የሚከተሉትን ጥንቃቄዎች መውሰድ ይገባል።

ስልክም ሆነ ሌላ መሣሪያ በአልጋ ላይ፣ በፍራሽ ሥር፣ በጭድ ወይም በድርቆሽ አጠገብ ቻርጅ አያድርጉ። በድንጋይ፣ በሲሚንቶ ወይም በሌላ በማይቃጠል ነገር ላይ ያስቀምጡት።

ለመሣሪያው የተሠራውን ቻርጀር ብቻ ይጠቀሙ። የባጃጅና የሞተር ሳይክል ባትሪ ሰው በተኛበት ክፍል ውስጥ ወይም በመውጫ በር አጠገብ ቻርጅ ማድረግ አደገኛ ነው።

የሶላሩ ሰሌዳ ፀሐይ ላይ ይዋል፤ ባትሪው ግን ጥላ ውስጥ ይቀመጥ። በውርጭ ሌሊት ደጅ ያደረ ባትሪ ደግሞ ቻርጅ ከመደረጉ በፊት ወደ ቤት ገብቶ ብርዱ ይልቀቀው።

ያበጠ፣ የተጨፈለቀ፣ ያልተለመደ ሽታ ያለው ወይም ሥራ ሳይሠራ የሚግል ባትሪ ከአገልግሎት ውጭ ይሁን። በመርፌም ሆነ በቢላ መብሳት፣ መክፈት ወይም ወደ እሳት መጣል ክልክል ነው። ልጆችም እንዲጫወቱበት አይሰጥ።

ባትሪ መጨስ ከጀመረ ጭሱ መርዛማ ስለሆነ ሰው ሁሉ ፈጥኖ ከቤት ይውጣ፤ የአካባቢው የእሳት አደጋ አገልግሎትም ይጠራ። ትንሽ መሣሪያ ከሆነና በደኅና ርቀት መቆም ከተቻለ፣ ከኮረንቲ ከተለየ በኋላ ብዙ ውኃ ማፍሰስ ያቀዘቅዘዋል። እሳቱ የጠፋ መስሎ ከሰዓታት በኋላ ዳግም ሊነሣ ስለሚችል ወዲያው ወደ ቤት መመለስ አይገባም።

ጠጣር ፖሊመር ኤሌክትሮላይት እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ረጅም መንገድ ተጉዟል። ከቤተ ሙከራ እስከ ፓሪስ ጎዳና ደርሷል፤ ድካሙንም በዚያው አሳይቷል። የቀረው ሥራ ቁሱ ሳይሞቅ አዮን እንዲያሳልፍ፣ ሳይለሰልስም እሾሁን እንዲገታ ማድረግ ነው። ይህ የተሳካ ቀን ተሽከርካሪው ማሞቂያ ሳያሻው፣ ተሳፋሪውም ከሥሩ ስላለው ባትሪ ሳይሠጋ በብርዳማ ንጋት እንጦጦ ማርያም ደጃፍ ይደርሳል።